መልስ፦ የገና ዛፉን የከበቡት ልጆች ለምን ጀርባቸውን ሰጡን?

ሰላም ወዳጄ። «ሠዓሊው ለምን የልጆቹን ፊት ደበቀ?» ብለሃል። ያየኸው ሥዕል የዴንማርካዊው ሠዓሊ ቪጎ ዮሃንሰን «መልካም ገና» ነው፤ በ1891 እ.ኤ.አ. የተሣለ፣ አሁን ኮፐንሃገን በሂርሽስፕሩንግ ሙዚየም ያለ። ሞዴል የቀጠረ እንዳይመስልህ፤ ሚስቱ ማርታና የገዛ ልጆቹ ናቸው።

ዴንማርኮች በገና ዋዜማ ማታ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ እየዘመሩ ዛፉን ይዞራሉ። ክብ ሲሠሩ ደግሞ አንዳንዱ ጀርባውን መስጠቱ የግድ ነው። ግን ሠዓሊውም ሆን ብሎ ያደረገው ይመስለኛል። ክፍሉ ጨለም ብሏል። ብርሃኑ የሚመጣው ዛፉ ላይ ከሚበሩት ሻማዎች ነው። ከዛፉ ወዲያ ያሉት ፊታቸው ወገግ ብሏል፤ ወደ እኛ የቀረቡት ግን ጥላ ሆነው ጠርዛቸው ብቻ ይበራል። ሁሉንም ፊት ለፊት ቢደረድራቸው ኖሮ ፎቶ ቤት የተነሱ ይመስሉ ነበር፤ ያ ደግሞ ደባሪ ነው።

እንዲህ ዓይነት ነገር ከወደድክ፣ የዴንማርካዊቷን ሠዓሊ የአና አንከርን «የፀሐይ ብርሃን በሰማያዊው ክፍል» ፈልገህ እይ። እሱም የ1891 ሥራ ነው። ልጇ ሄልጋ ቁጭ ብላ ኪሮሽ ትሠራለች፤ ፊቷ እምብዛም አይታይም። እኔን ብትጠይቀኝ ከዮሃንሰን ይልቅ እሱን እመርጣለሁ።