ሣጥኑን በየዓመቱ ባዶ አድርጉት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ኮምቦልቻ ላይ 24 ሆናችሁ በቁጠባ ቡድን፣ በጋራ ሣጥን ሦስት ዓመት ቆጥባችኋል። ያሠለጠናችሁ ፕሮጀክት ሰኔ ላይ ይወጣል። አሁን ደግሞ "በየዓመቱ መከፋፈሉን ተዉት፣ ብሩ ይጠራቀም፣ እኛም ተዘዋዋሪ ፈንድ (እየተበደራችሁ የምትመልሱት ብር) እንጨምርላችኋለን" ተባላችሁ። እነሱ ሲሄዱ እንዘልቃለን ወይ ነው ያልሽው።

እኔ ደሴ ነኝ። ከ2010 ጀምሮ አንድ ቡድን ውስጥ አለሁ፣ አምስት ዓመት ፀሐፊ ነበርኩ። የኛ ፕሮጀክት የወጣው በ2012 ነው፤ ቡድኑ እስካሁን አለ። ረዘም ቢልብሽ አትቀየሚኝ።

ክፍፍሉን አትተዉ። ሌላው ሁሉ ይደረስበታል።

እኛ ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ ለሕመምና ለሐዘን ከምናስቀምጠው በቀር፣ ሣጥኑን ሳንቲም ሳናስቀር ባዶ እናደርገዋለን። ያለውን ብር ለጠቅላላው ሼር (በየሳምንቱ ለምንገዛው የቁጠባ ድርሻ) አካፍለን፣ እያንዳንዷ በያዘችው ሼር ልክ ትወስዳለች። መጀመሪያ ላይ እኔም "አሁን ምን ተጠራቀመና ይበተናል!" ብዬ ስከራከር ነበር። ነሐሴን የመረጥነው ለትምህርት ቤት ምዝገባና ለእንቁጣጣሽ ብለን ነው። ለአረፋ ይሁን ያሉም ነበሩ፣ ግን አረፋ በየዓመቱ ቀደም እያለ ስለሚመጣ ለሒሳብ አስቸገረን።

የክፍፍሉ ጥቅም የገባኝ በ2014 ነው። ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ሁላችንም ተበተንን። ሣጥኑ ሦስት ቁልፍ አለው፤ ሦስቱ ቁልፍ ያዦች አንዷ ደብረ ብርሃን፣ አንዷ አዲስ አበባ፣ አንዷ ገጠር ዘመድ ጋ። ታኅሣሥ ላይ ስንመለስ ሣጥኑ ተሰብሯል፣ መዝገቡም የለም። ያኔ 22 ነበርን፣ ሼሩ 20 ብር፣ አንድ ሰው በሳምንት ከአንድ እስከ አምስት ሼር ይገዛል። ከነሐሴው ክፍፍል ወዲህ የቆጠብነው የስምንት ሳምንት ብቻ ነበር፣ ወደ 10 ሺህ ተኩል። ከዚያም አብዛኛው ብድር ወጥቶ ሰው እጅ ላይ ስለነበር ከሣጥኑ የጠፋው 2 ሺህ ምናምን ነው። መዝገቡን ደግሞ ሁለት ጊዜ ተሰብስበን መልሰን ጻፍነው። የስምንት ሳምንት ነገር ማንም አይረሳም፤ የግል ደብተሯን ይዛ የወጣችም ነበረች። የሦስት ዓመት ቢሆን ኖሮ ግን እንኳን መዝገብ ልንጽፍ ቡና አብረን አንጠጣም ነበር።

ብድር የወሰዱት ነገር ከበደ። አንዷ የስፌት ማሽኗ ተወስዷል፣ ሌላዋ ሱቋ ባዶ ነው። ቅጣት የለም፣ ዋናውን ብቻ እስከ ነሐሴ መልሱ አልን። ሁለቱ አልቻሉም፣ ከራሳቸው ሼር ቀንሰን ዘጋነው። አንዷ ተቀይማ ቀረች፤ እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሰላምታዋ ቀዝቃዛ ነው። ይህንንም የምነግርሽ ሁሉ ነገር አልጋ በአልጋ እንዳይመስልሽ ነው።

ስለ ተዘዋዋሪ ፈንዱ። በ2011 ሰፈራችን ውስጥ ሌላ ቡድን ነበር፣ ከኛ በላይ ጎበዞች። አንድ መሥሪያ ቤት 100 ሺህ ብር ሰጣቸው። በራሳቸው ብር ሲበደሩ አንድ ሳምንት የሚዘገይ አልነበረም። ያ ብር ከመጣ በኋላ ግን "የመንግሥት ብር ነው፣ ማን ይጠይቀናል" መጣ። አንዷ ሳትመልስ ስትቀር ሌላዋ አየቻት፣ እሷም ተወችው። ዓመት ሳይሞላ ስብሰባው ቀረ። የሚገርምሽ፣ የራሳቸውም ቁጠባ አብሮ ነው የሄደው። ስለዚህ ይስጡን ካላችሁ በስልጠና ወይ በደብተርና በማህተም ይስጧችሁ። በጥሬ ብር አይሁን።

ይህ የቁጠባ ቡድን አሠራር እ.ኤ.አ. በ1991 ኒጀር ውስጥ ማራዲ በሚባል አካባቢ ነው የተጀመረው፣ ኬር በሚባለው ድርጅት። እዚያም ከውጭ ብር አይጨመርም ነበር። ሴቶቹ የራሳቸውን ብቻ ነው የሚያሽከረክሩት። ስለዚህ እኔ የፈጠርኩት ነገር እንዳይመስልሽ።

ሌላው የክፍፍሉ ጥቅም ኑሮ ውድነት ላይ ነው። የሼር ዋጋ በዓመቱ መሐል አይቀየርም፣ የሚቀየረው ተከፋፍለን አዲስ ስንጀምር ነው። በ20 ብር የጀመርነው 50 ደረሰ። ሐምሌ 2016 ላይ ብሩ በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ ደግሞ ያንኑ ነሐሴ ተከፋፍለን መስከረም ላይ 100 አደረግነው። ተጠራቅሞ ቢቆይ ኖሮ የ2010ሩ 20 ብር ዛሬም 20 ብር ተብሎ ይቆጠር ነበር። የማትስማማ አባል ካለችም የምትወጣው ያን ቀን ነው፤ ድርሻዋን ይዛ፣ ምርቃት ተቀብላ። አዲስ የሚገባም ያን ቀን።

ወለዱን በተመለከተ የወሎ ሰው ነሽና ይገባሻል። ከግማሽ በላዮቻችን ሙስሊሞች ነን። አሠልጣኙ በወር አምስት በመቶ ሲል አምስት ሴቶች በዚያው ሳምንት ቀሩ። ከዚያ ጠይቀን፣ ተነጋግረን ተውነው። ብድሩ ያለ ጭማሪ ነው። ጥር ላይ በርበሬና ጤፍ በጅምላ እንገዛና ለፈለገች አባል በዱቤ እንሸጣለን፣ ዋጋውና ትርፉ ቀድሞ ተነግሮ። የማርፈጃና የመቅሪያ ቅጣት ደግሞ ለማህበራዊ ፈንዱ ነው፣ አይከፋፈልም፤ ለታመመ፣ ለወለደ፣ ለሐዘን። ትርፉ ብዙ አይደለም፣ ግን የቀሩት አምስቱም ተመልሰዋል።

ጥቃቅኑን በአጭሩ ልበልሽ። ማንም ከቆጠበችው ሦስት እጥፍ በላይ አትበደር። ሰኔ መጨረሻ ላይ አዲስ ብድር ዝጉ፣ አለበለዚያ ነሐሴ ላይ ጭቅጭቅ ነው። ስብሰባው ሲያልቅ ሣጥን ውስጥ የቀረውን ብር ጮክ ብላችሁ ተናገሩት፣ የሚቀጥለው ሳምንት ሣጥኑ ሳይከፈት መጀመሪያ እሱን ጠይቁ። ፊደል የማያውቁት እናቶች ከኔ በላይ ነው የሚያስታውሱት፣ አንድ ጊዜ የጻፍኩትን 400 ብር ስህተት ያወጡብኝ እነሱ ናቸው። ፀሐፊም ቀይሩ። እኔ አምስት ዓመት መቀመጤ ራሱ ጥፋት ነበር፣ ሲሰለቸኝ የሚተካኝ ጠፋ።

መከፋፈሉ ችግር የለበትም አልልም። ትልቅ ካፒታል አይገኝበትም። ወፍጮ ልትከል ያለች ሴት በኛ ሣጥን አትተክልም። እኛ ጋ አራቱ ክፍፍላቸውን ይዘው የተመዘገበ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማህበር ገቡ። እዚያ በአዋጅ 985/2009 መሠረት ኦዲት አለ፣ ኮሚቴ አለ፣ ትልቅ ብድር አለ። ሣጥናችንም አልቀረም፣ ሁለቱም ጎን ለጎን ይሄዳል። እናንተ የተባላችሁት ግን ሣጥኑን ራሱን እንደ ማህበር አጠራቅሙበት እንደማለት ነው። ኦዲት የሚያደርግ ሰው ሳይኖር የዓመታት ብር አንድ ቤት ውስጥ ማስቀመጥ ማለት ነው፣ እኔ አልስማማም።

አንድ ጓደኛዬ "ቅሬው (እድሩ) ሳይከፋፈል ስንት ዘመን ኖሮ የለ?" አለችኝ። እውነት ነው። ግን ቀብር የማይደርስበት ሰው የለም፣ ሁሉም ተራው እንደሚደርስ ያውቃል፣ ስለዚህ ቅሬውን አይለቅም። የኛን ሣጥን ሰው የማይለቀው ነሐሴን ስለሚጠብቅ ነው።

ፕሮጀክቱ ሰኔ ላይ ከወጣ ለናንተ ጥሩ ጊዜ ነው፣ ሁለት ወር ብድር ትሰበስባላችሁ። የመጀመሪያው ብቻችሁን የምትከፋፈሉት ከሆነ ሒሳቡ ያስፈራል፣ እኛንም አስፈርቶን ነበር። አንድ ሁለታችሁ የሐረጎን ዳገት ወጥታችሁ ደሴ ኑ፣ በኛ ክፍፍል ቀን ተቀምጣችሁ እዩት። ቅዳሜ ከሰዓት ነው፣ ቡናውም አለ። ደብተራችሁን ግን ይዛችሁ ኑ፣ በሱ ላይ እንሠራዋለን።