«ባለታሪኬ ቤት ማግኘቷን አንባቢ አላመነልኝም»

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ የምኖረው በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ቱሉ ዲምቱ ሲሆን ለወጣቶች የሚሆን ልብ ወለድ በመጻፍ ላይ እገኛለሁ። ባለታሪኬ እናቷን በሞት አጥታ ከገጠር የመጣች የ16 ዓመት ልጅ ናት። ወደ አዳማ የሚወስደው የክፍያ መንገድ ከሚጀምርበት አካባቢ በሚገኝ ምግብ ቤት ተቀጥራ፣ ከዕቃ አጣቢነት ተነሥታ እንጀራ ጋጋሪ ትሆናለች፤ በመጨረሻው ምዕራፍም «አሁን ቤቴን አገኘሁ» ትላለች። ረቂቁን ያነበበችው ጓደኛዬ ግን ምግቡ እንዳስራባት፣ የቤቱን ነገር ግን እንዳላመነችው ነገረችኝ። ምን ባደርግ ይሻላል? እግረ መንገድዎንም፣ ልጅቷ እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት መሥራቷ ከሕግ ጋር ይጋጭ እንደሆነ ቢገልጹልኝ።

መልስ፦ ጓደኛዎ እውነቷን ሳይሆን አይቀርም። በእኛ ዘንድ እንግዳ ሳሎን ተቀምጦ ይስተናገዳል እንጂ ጓዳ አይዘልቅም፤ ሳይጠይቅ ጓዳ የሚገባውን ሰው ነው ቤተኛ የምንለው። ምግብ ቤት ይህን ሥርዓት ይገለብጠዋል፤ ባለታሪክዎ ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሮ የምትውለው ጓዳ ውስጥ፣ ከሳፋውና ከጠቆረው ድስት ጋር ቢሆንም ገና ቤተኛ አይደለችም። የታሪክዎ ጉልበት ያለው በዚህ መካከል ይመስለኛል፤ ስለዚህ «ቤቴን አገኘሁ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ሰርዘው፣ ልጅቷ ጓዳው ውስጥ እያለች ወደ ጓዳው የምትገባበትን መንገድ ይፈልጉ።

ከሁሉ የሚሻለው ቦታ የሠራተኞቹ ማዕድ ነው። የምሳ ገበያ ጋብ ሲል ወጥ ሠሪዋ፣ ጋጋሪዋና አሳላፊዎቹ አንድ ትሪ ከበው ሲቀመጡ ልጅቷ በመጀመሪያው ሰሞን የት ትበላለች? ነይ ብሎ የጠራት ማን ነው፣ መጀመሪያ ያጎረሳትስ? ደንበኛ ለአሳላፊ የሚተወው ገንዘብም ጉርሻ ስለሚባል፣ ከአንደኛው ጉርሻ ደርሷት ከሌላኛው ድርሻ የተከለከለች ዕቃ አጣቢ ብቻዋን አንድ ምዕራፍ ትሞላለች። ባለቤቷ «ልጄ» ብላ መጥራቷን ግን እንደ ማስረጃ አይቁጠሩት፤ በአማርኛ «ልጄ» ያልተባለ ልጅ የለምና። ከዚያ ይልቅ በሐምሌ ብርድ ሊጥ ቶሎ እንደማይቦካ ተረድታ፣ ማንም ሳያዛት አስቀድማ ብታቦካ፣ አንባቢው ሳይነገረው ይገባዋል።

በላኩልኝ አጭር መግለጫ የጾም ወቅት አልተነሣም፤ ይህ ለእኔ ትልቁ ጉድለት ነው። በ55ቱ የሁዳዴ ቀናት ብዙ ልኳንዳ ቤቶች ይዘጋሉ፤ ሥጋ የሚሸጥ ምግብ ቤትም ወደ ሽሮና በያይነቱ ቢዞር እንኳ ገበያው ስለሚቀዘቅዝ ሠራተኛ ሊቀንስ ይችላል። ማደሪያዋ እዚያው የሆነች ልጅ ሥራዋን ስታጣ መኝታዋንም ታጣለች። ታዲያ ባለቤቷ በዚያ ሰሞን ማንን ታሰናብታለች? ቤቱ ቤት መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው ገበያው በደራበት ቀን አይደለም።

ስለ ሰዓቱ፣ አዎን ይጋጫል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠርን የሚከለክል ሲሆን፣ 15 ሞልቶት 18 ያልሞላው ወጣት ሠራተኛም በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ በትርፍ ሰዓት፣ ወይም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ እንዳይሠራ ይደነግጋል። ትዕይንቱን ያውጡት ማለቴ አይደለም፤ ሕግ የሚጣስበት ጓዳ ሞልቷል። ነገር ግን ደግ አድርገው የሣሏት ባለቤት ልጅቷን እስከ 5 ሰዓት ካቆመቻት፣ በዚያው ዕድሜ ላይ ያለ አንባቢ ደግነቷን መጠራጠሩ አይቀርም፤ ምናልባት ጓደኛዎም ያላመነችው ይህንኑ ይሆናል። ባለቤቷ ዕቃው ተከምሮ ሳለ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ሳፋውን ከልጅቷ እጅ ተቀብላ «በይ ሂጂ ተኚ» የምትልበትን አንድ ገጽ ይጻፉና ለጓደኛዎ መልሰው ያስነብቧት።