የሚታጠፍ ግድግዳ ወይስ የሚነሳ ጠረጴዛ?

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ በሚገኘው የሰፈራችን የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት አራት ክፍሎች ያሉት ሕንፃ ለመሥራት ወላጆች ገንዘብ እያዋጣን ነው። አንድ የኮሚቴያችን አባል ደሴ የተሠራ ሕንፃ ፕላን አምጥተው እንዳለ እንጠቀምበት ይላሉ፤ ሌላው ደግሞ ክፍሎቹ እንዲሰፉና እንዲጠቡ በመካከላቸው የሚታጠፍ ግድግዳ ይግባ ባይ ናቸው። ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ፦ ፕላኑን እንዳለ ባትወስዱት ይሻላል። ሁለቱ ከተሞች የሚራራቁት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም፣ ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ግድም፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ግድም ላይ ስለሆኑ፣ ለደሴ ብርድ ተብሎ መስኮቱ የጠበበ ክፍል ኮምቦልቻ ላይ በግንቦት ከሰዓት በኋላ ልጆቹን ያስተኛቸዋል። የሕንፃው ርዝመት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይዘርጋ፤ ነፋስ እንዲያልፍ ሰፋፊ መስኮቶች በሰሜንና በደቡብ ግድግዳዎች ላይ ትይዩ ይሁኑ፤ የጠዋትና የማታ ፀሐይ የሚያርፍባቸው ሁለቱ አጫጭር ጎኖች ግን ድፍን ይቅሩ።

የሚታጠፈው ግድግዳ አያጓጓኝም። ሁለት ክፍል አንድ ማድረግ የሚያስፈልገው በዓመት ጥቂት ቀን ነው፤ በቀረው ጊዜ ሁሉ ስሱ ግድግዳ የአንዱን ክፍል ድምፅ ለሌላው ያሳልፋል። በብዙ ትምህርት ቤቶች እኮ የብሎኬቱም ግድግዳ ቢሆን ጣሪያው ጋ ሳይደርስ ስለሚቆምና ኮርኒስ ስለሌለ፣ የአንደኛ ክፍል «ሀ ሁ» ከሁለተኛ ክፍል የመደመር ስሌት ጋር ይደባለቃል፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምርማ መምህሩ ጠመኔውን አስቀምጦ እስኪያባራ ይጠብቃል። ገንዘቡ ግድግዳውን እስከ ጣሪያ ለመድፈንና ኮርኒስ ለማልበስ ይዋል፤ ኮርኒሱ የቆርቆሮውንም ሙቀት ያበርዳል።

ክፍሉን እንደ ትምህርቱ የሚለዋውጠው ዕቃው ነው። ከመቀመጫው ጋር የተበየደ ዴስክ ከማሠራት፣ ሁለት የአንደኛ ክፍል ልጆች ተጋግዘው የሚያነሱት ቀላል ጠረጴዛ ብታሠሩ፣ ለንባብ በክብ፣ ለፈተና በረድፍ ይደረደራል። በረንዳውን 2.5 ሜትር አስፍታችሁ ዳር ዳሩን የድንጋይ መቀመጫ፣ በውጭው ግድግዳ ላይም ጥቁር ሰሌዳ ብትጨምሩበት፣ አምስተኛ የመማሪያ ክፍል አገኛችሁ ማለት ነው።

ውኃ አልጠየቃችሁም፤ ሆኖም አሸንዳው አሁኑኑ በፕላኑ ይግባ። በ200 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ የሚወርድ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ 4,000 ሊትር ስለሆነ፣ የሚባክነው ተቀንሶ እንኳ ብዙ ነው። ዋናው ዝናብ የሚወርደው ተማሪው በሌለበት በሐምሌና በነሐሴ በመሆኑ፣ አቧራ ያዘለውን የመጀመሪያ ውኃ አፍስሶ ሮቶውን የሚሞላ ሰው ለእነዚህ ሁለት ወራት ከወዲሁ መድቡ።