አዘዞ የጎንደር ልጅ ናት ወይስ ታላቅ እህት? የአንድ ምሽት ጥያቄና መልስ

የአዘዞው መምህር፦ እንደምን አመሻችሁ። ቃሌን አክብሬ መጥቻለሁ። ከጎንደር በስተደቡብ ባለችው አዘዞ ነው የተወለድኩት፤ ዕድሜዬንም ታሪክ ሳስተምር ነው የጨረስኩት። ከመጀመራችን በፊት ሁለት ነገር። ዓመት ስትጠቅሱ የእኛ ይሁን የፈረንጅ ለዩልኝ፤ እኔ በእኛ ነው የምቆጥረው። ሁለተኛ፣ የቦታ ዋጋ እንዳትጠይቁኝ። ደላላ አይደለሁም።

የማራኪ ልጅ፦ ጋሼ፣ አዘዞ የተቆረቆረችው ኤርፖርቱ ሲሠራ ነው አይደል?

የአዘዞው መምህር፦ አይደለም። ይሄን ስንት ጊዜ እንደመለስኩት እኔም ረሳሁት። አዘዞ ጎንደርን ትበልጣታለች። በዕድሜ ማለቴ ነው። አፄ ፋሲል ጎንደርን የቆረቆሩት በ1628 ዓ.ም. ነው። አባታቸው አፄ ሱስንዮስ ግን በ1610ዎቹ አዘዞ ላይ ገነተ ኢየሱስን አሠርተው ነበር። ቤተ ክርስቲያን፣ ቤተ መንግሥት፣ በቅጥር የተከበበ የአትክልት ቦታ፣ መሃሉ ላይ ትንሽ ግንብ የቆመበት የውሃ ገንዳ። ያኔ የፋሲል ግቢ አንድ ድንጋይ አልተነባበረም። ንጉሡና ሠራዊቱ በድንኳን ይዘዋወራሉ፤ ክረምት ሲመጣ ጣና ዙሪያ ይከትማሉ። ጎርጎራ፣ ደንቀዝ፣ አዘዞ። ጎንደር የዚህ ሁሉ መንከራተት ማብቂያ ናት እንጂ መጀመሪያ አይደለችም።

ማንም ባይጠይቀኝም ስለ ኖራ ልጨምር። የፋሲል ግቢን ስታዩ ዓይናችሁ ድንጋዩ ላይ ነው። እኔ የማየው በድንጋዮቹ መሃል ያለውን ነው። ድንጋይ በጭቃም ይነባበራል። ፎቅና ጉልላት ተሸክሞ 400 ዓመት ሊቆም የሚቃረብ ግንብ ግን ኖራ ይፈልጋል። የካቶሊክ ሃይማኖት ሊሰብኩ የመጡት የጀስዊት ሚስዮናውያን የጻፉትን ካመንን፣ ኖራ በዚህ አገር ለግንባታ የዋለው በሱስንዮስ ዘመን ነው፤ ከህንድ የመጡ ግንበኞችም እጃቸው አለበት። የኖራ ድንጋይ ይቃጠላል፣ በውሃ ይበርዳል፣ ከአሸዋ ጋር ይለወሳል። የአገራችን ሰው ይሄን ሙያ የተማረው እንደ ገነተ ኢየሱስ ባሉ ሥራዎች ላይ ነው። ሚስዮናውያኑ ተባረሩ፤ ሙያው ግን ቀረ። ፋሲል ጎንደርን ለመገንባት ሲነሱ የሠለጠነ እጅ አላጡም። ጉዛራን የሚጠቅስልኝ ሰው እንደሚመጣ አውቃለሁ። የጉዛራ ግንብ ዕድሜ ራሱ ያከራክራል፤ ስለዚህ ዛሬ አንገባበትም።

ዘመን፦ ጉዛራስ ጋሼ? የአፄ ሠርፀ ድንግል ነው፤ ከሱስንዮስ ይቀድማል።

የአዘዞው መምህር፦ የመጨረሻውን መስመር አንብብ።

ከሜሪላንድ፦ ጋሽዬ እንደምን አሉ። ለእናቴ ቤት ልሠራ አስቤ ነበር። አዘዞ ካሬው ስንት ገባ?

የአዘዞው መምህር፦ የመጀመሪያውን መስመር አንብብ።

ዲያቆኑ፦ ገነተ ኢየሱስ እንዴት ተክለ ሃይማኖት ሆነ?

የአዘዞው መምህር፦ ጎሽ፣ ጥያቄ ማለት እንዲህ ነው። ሱስንዮስ በ1614 ካቶሊክነታቸውን በይፋ አወጁ። አገር በደም ታጠበ። በ1624 ሰኔ ላይ የቀድሞውን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለቀቁ። በመስከረም 1625 ዐረፉ፤ የተቀበሩትም እዚያው ገነተ ኢየሱስ ነው። በነገራችን ላይ አዘዞ ንጉሠ ነገሥት የተቀበረባት ከተማ መሆኗን ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? ፋሲል ሚስዮናውያኑን አባረሩ። ቦታው ለደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተሰጠ፤ ታቦቱም የተክለ ሃይማኖት ሆነ። የመነኮሳቱ አለቃ፣ የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ መቀመጫ አዘዞ ሆነች ማለት ነው። ንጉሡ ጎንደር፣ እጨጌው አዘዞ። የጎንደር ሊቃውንት በነገረ መለኮት ሲከራከሩ የአዘዞ ድምፅ የገጠር ድምፅ አልነበረም።

ባለ ባጃጅ፦ ታዲያ አዘዞ ተክለ ሃይማኖት ከ44ቱ የጎንደር ታቦት ይቆጠራል አይደል?

የቀበሌው ልጅ፦ አይቆጠርም። 44ቱ የከተማው ናቸው።

ዲያቆኑ፦ ይቆጠራል እንጂ! አያቴ ሲቆጥሩ ሰምቻለሁ።

የቀበሌው ልጅ፦ የእኔ አያት ደግሞ ሲቆጥሩ 44 ላይ ሲደርሱ አዘዞ ገና አልተጠራም።

ባለ ባጃጅ፦ ምናልባት አያትህ ታክሲ ስላጡ ይሆናል የቀሩት 😂

የአዘዞው መምህር፦ እንደ ቆጣሪው ነው። አልገባበትም። ሌላ ጥያቄ።

የማራኪ ልጅ፦ የፋሲል መዋኛ፣ የጥምቀቱ ማለቴ ነው፣ ከአዘዞው ገንዳ ነው የተቀዳው?

የአዘዞው መምህር፦ ምሎ የሚነግርህ ሰው ካለ አትመነው። ግን ገንዳ፣ ገንዳው መሃል ግንብ፣ ዙሪያውን ቅጥር። አባት ያሠራውን ልጅ አይቶ አድጓል። የስፔን አርኪዮሎጂስቶች መጥተው ገነተ ኢየሱስን ቆፍረዋል። ሄዳችሁ ፍርስራሹን እዩ፤ ከዚያ ወደ ቀሃ ወንዝ ወርዳችሁ መዋኛውን እዩ። ግን ድንጋይ እንዳታነሱ! ድንጋይ እንዳታነሱ እላለሁ። ስሙን የማልጠራው አንድ ጎረቤቴ ጥርብ ድንጋይ በጋሪ አስጭኖ ለአጥር መሠረት ሲያደርገው በዓይኔ አይቻለሁ። እስከ ዛሬ ሰላምታ የለንም።

ሰላም ነኝ፦ መምህር፣ ስለ አዘዞ ሁሉንም በአጭሩ ቢነግሩን?

የአዘዞው መምህር፦ ሁሉንም ወይስ በአጭሩ?

ዘመን፦ ይሄን ያህል ቀድማ ተሠርታ ለምን ታዲያ ዋና ከተማ ሳትሆን ቀረች?

የአዘዞው መምህር፦ አፈ ታሪኩን ታውቁታላችሁ። የነገሥታቱ ከተማ በ«ጎ» ይጀምራል የሚል ትንቢት ነበር፤ ለዚህ ነው ጉዛራ፣ ጎርጎራ፣ በመጨረሻም ጎንደር ይላሉ። አዘዞ እንግዲህ በ«አ» ወደቀች። ገነተ ኢየሱስ ግን በ«ገ» ነው የሚጀምረው፤ ይግባኝ ማለት ይቻል ነበር። ከቀልዱ ወዲህ ሳየው፣ ጎንደር በቀሃና በአንገረብ ወንዞች መሃል ያለ ከፍታ ነው። ውሃ በግራና በቀኝ፣ አየሩ ቀዝቃዛ፣ ከላይ ሆኖ የሚመጣውን ማየት ይቻላል። አዘዞ ሜዳ ናት። ለአትክልት ጥሩ፤ ለሚፈራ ንጉሥ ግን አትመችም። የአባታቸውን መጨረሻ ያዩ ፋሲል ቢፈሩ አይፈረድባቸውም።

ባለ ባጃጅ፦ ኤርፖርቱስ? አፄ ቴዎድሮስ የሚባለውን ኤርፖርት ዘለሉት እኮ ጋሼ።

የአዘዞው መምህር፦ ሜዳ ናት አልኩ። ንጉሥ የናቀውን ሜዳ አውሮፕላን ወደደው። ጣልያን ከ1928 በኋላ ማረፊያ አደረገው፤ እስከ ኅዳር 1934፣ ጎንደር ነፃ እስክትወጣ ድረስ። ለጎንደር ፒያሳን ሠራላት፣ ፖስታ ቤትና ሲኒማ ቤት ሠራላት። ለአዘዞ የደረሳት ማረፊያና መንገድ ነው። መንገዱ ነው ዛሬ ያለችውን አዘዞ የሠራት። ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ መተማ፣ ወደ ጎርጎራ የሚሄደው ሁሉ እዚህ ይገናኛል። ከሱዳን ድንበር የሚመጣ ጭነት፣ ከደምቢያ የሚመጣ ጤፍና ሽምብራ አዘዞን ሳያይ ጎንደር አይገባም።

የማራኪ ልጅ፦ ስለ ጦር ካምፑም ቢሉን።

የአዘዞው መምህር፦ ቀጣይ።

የቀበሌው ልጅ፦ ለማንኛውም አሁን አዘዞ ጎንደር ናት። አዘዞ ጠዳ ክፍለ ከተማ ተብሎ አለቀ።

ባለ ባጃጅ፦ ካለቀ ታዲያ ረዳቱ ፒያሳ ቆሞ «አዘዞ! አዘዞ! አንድ ሰው!» የሚለው ለምንድን ነው? ሰፈር ነው ወይስ አገር?

የቀበሌው ልጅ፦ «ማራኪ! ማራኪ!» ይባላል እኮ። ማራኪ አገር ናት?

የማራኪ ልጅ፦ ኧረ እኔን ተዉኝ።

ዲያቆኑ፦ የአዘዞ ሰው ፒያሳ ሲሄድ «ጎንደር ደርሼ ልምጣ» ነው የሚለው። እናቴ እስከ ዛሬ እንደዛ ነው የምትለው።

የአዘዞው መምህር፦ እኔም እንደዛ ነው የምለው። ጎንደር በሰሜን ተራራ ስለያዛት ወደ ደቡብ ነው የምታድገው። በልጅነቴ በአዘዞና በጎንደር መሃል ያለውን 12 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ በእግራችን ስንሄድ ማሳ ነበር የምናየው፤ አሁን በግራም በቀኝም ሕንፃ ነው። መዘጋጃ ቤት በወረቀት አንድ ያደርገን፤ ግድ የለም። አዘዞን የጎንደር ዳርቻ የሚላት ሰው ግን ቀድሞ የሱስንዮስን መቃብር ጎብኝቶ ይምጣ።

ከሜሪላንድ፦ ይቅርታ ጋሽዬ፣ በካሬ ባይሆን በአጠቃላይ?

የአዘዞው መምህር፦ ለእናትህ ሰላም በልልኝ። መሸ፤ የመጨረሻ ጥያቄ።

ሰላም ነኝ፦ ጥያቄ አይደለም መምህር። ያ ድንጋይ እንዳታነሱ ያሉት... አያቴ ግቢ አንድ ጥርብ ድንጋይ አለ። ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ነው የሚኖሩት። ቡና የሚወቀጠው እሱ ላይ ነው።

የአዘዞው መምህር፦ ጎኑ ላይ ነጭ ነገር ተጣብቆበታል?

ሰላም ነኝ፦ አዎ። ሊጥ መስሎኝ ነበር።

የአዘዞው መምህር፦ ነገ ጠዋት እመጣለሁ። እንዳታጥቢው።