ሥራ ከማቆማችሁ በፊት

ሰሞኑን ደብረ ማርቆስ ቤቴ ድረስ አንድ ወጣት መጣ። ፋብሪካ ውስጥ ነው የሚሠራው። «ጋሼ፣ ሥራ ብናቆም የሥራ አጥ ክፍያ ይሰጡናል አይደል?» አለኝ። ስልኩ ላይ አንብቦ ነው።

ያነበበው ውሸት አይደለም፤ አገሩ ግን ሌላ ነው። ኒው ዮርክና ኒው ጀርሲ አድማ የመታ ሠራተኛ የተወሰነ ጊዜ ጠብቆ ድጎማ ያገኛል። እዚያው አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ ላይ ግን ምክር ቤቱ ያጸደቀውን ተመሳሳይ ሕግ አገረ ገዥው በ2023 (በእነሱ አቆጣጠር) ውድቅ አድርገውታል።

እኛ ጋ እንዲህ ያለ ክፍያ ጭራሽ የለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጃችን፣ ቁጥር 1156/2011፣ የሚያውቀው የሥራ ስንብት ክፍያን ነው። እሱም ውል ሲቋረጥ እንጂ ክርክሩ መሃል ላይ አይመጣም፤ ሁሉም ሰውም አያገኘውም። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ነው፤ ለየተጨማሪው ዓመት የዚያ ሲሶ ይታከላል፤ ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም።

ልጆቼ፣ ዋናው ጥያቄ ሥራውን ያቆመው ማነው የሚለው ነው። ለመሥራት ተዘጋጅታችሁ ቀርባችሁ ጥሬ ዕቃ ወይም መሣሪያ ስለጠፋ ብትቀመጡ ደመወዛችሁ አይቀርም። እናንተ ስታቆሙ ግን ያልተሠራበት ቀን አይከፈልም። በዚያ ላይ ሕጉ ሥርዓት አለው፦ የ10 ቀን ማስጠንቀቂያ፣ የማስማማት ሙከራ፣ ቢያንስ ከማኅበሩ አባላት ሁለት ሦስተኛው የተገኘበት ስብሰባና የአብላጫ ድምፅ።

ጀማሪ ጠበቃ ሳለሁ የአንድ ፋብሪካ ሠራተኞች አንድ ማለዳ ብድግ ብለው ወጡ። የትርፍ ሰዓት ክፍያ ተከልክለው ነበር፤ እውነታቸውን ነው። የመከሩት ግን ጠላ ቤት ነው። ማስጠንቀቂያ የለ፣ ቃለ ጉባኤ የለ። እኔም በደሉ አናዶኝ ወረቀት አላችሁ ወይ ብዬ ሳልጠይቅ ችሎት ገባሁ። ስለ ትርፍ ሰዓቱ ትንፍሽ ሳንል ስለ አወጣጣቸው ስንከራከር ከረምን። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ጊዜም ይሮጣል። የተባረረ ሰው ወደ ሥራዬ ልመለስ የሚል ከሆነ ክሱን በ3 ወር ውስጥ ማቅረብ አለበት። ሽማግሌ እየላኩ ይህን ያሳለፉ ስንቶችን አይቻለሁ።

ወጣቱን «ስብሰባችሁ ላይ ስንት ሰው ነበር?» አልኩት።

«ብዙ።»

ደብተር ሰጠሁት። ስም ከነፊርማው ይዞ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ይመጣል።