የጠብመንጃ ምላጭ ዕቃዎች፦ የቱ ይገዛል? የቱ ያሳስራል?

ቨርጂኒያ ውስጥ መሣሪያ ሱቅ እሠራለሁ። ጠበቃ አይደለሁም፤ ግን እነዚህን ጥያቄዎች በየቀኑ እሰማቸዋለሁ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ባምፕ ስቶክ ተፈቀደ ሲባል ሰማሁ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ልግዛ?

መልስ፦ አትግዛ ወንድሜ። ባምፕ ስቶክ ጠብመንጃው ወደ ኋላ ሲገፋ ምላጩን ከጣትህ ጋር ደጋግሞ የሚያጋጭ ሰደፍ ነው። በ2017 ላስ ቬጋስ ላይ 60 ሰው ካለቀ በኋላ የጦር መሣሪያ ተቆጣጣሪው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ኤቲኤፍ መትረየስ ነው ብሎ መደበው። እገዳው በመጋቢት 2019 ጸና። ሰኔ 2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 6 ለ 3 ሻረው። የመትረየስ ትርጉም የመጣው ከ1934 ሕግ ነው፤ አንዴ ምላጭ ሲሳብ ከአንድ ጥይት በላይ የሚተኩስ ይላል። በባምፕ ስቶክ ግን ለየጥይቱ ምላጩ እንደገና ይሳባል አሉ ዳኞቹ።

ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ውሳኔው የነካው የፌዴራሉን መመሪያ ብቻ ነው። ሜሪላንድ ከጥቅምት 2018 ጀምሮ በራሷ ሕግ ከልክላለች፤ መያዝም፣ መሸጥም፣ ከሌላ ስቴት ይዞ መግባትም። ቨርጂኒያና ዲሲም ባምፕ ስቶክን ይከለክላሉ። ድልድይ ተሻገርክ አልተሻገርክ ለውጥ የለውም።

ጥያቄ፦ ባይነሪ ትሪገርስ?

መልስ፦ ስትስብ አንድ፣ ስትለቅ አንድ ይተኩሳል። የሜሪላንድ ሕግ በስም ጠቅሶ ከልክሎታል።

ጥያቄ፦ መንግሥት ምላጭ ከሚሠራው ከሬር ብሪድ ኩባንያ ጋር ታረቀ አይደል? ታዲያ ምን ያስፈራል?

መልስ፦ እውነት ነው፣ በግንቦት 2025 ከፍትሕ ሚኒስቴር ጋር ተስማሙ። ኩባንያው ለሽጉጥ የሚሆን ፎርስድ ሪሴት ትሪገር (ከየተኩሱ በኋላ ምላጩን በግድ ወደ ቦታው የሚመልስ ዕቃ) ላይሠራ ቃል ገባ፤ መንግሥትም የወረሳቸውን ሊመልስ። ግን ይሄ ከፌዴራሉ ጋር የተደረገ ስምምነት ነው። የስቴትህን ሕግ ሳታይ ካርድህን አታውጣ።

ጥያቄ፦ ኢንተርኔት ላይ የግሎክ ስዊች በርካሽ አየሁ። ሕገ ወጥ ቢሆን ይሸጡት ነበር?

መልስ፦ ይሸጡታል፤ የምትታሰረው አንተ ነህ። ያቺ የግሎክ ሽጉጥን እንደ መትረየስ የምታስተኩስ ትንሽ ዕቃ ሽጉጥ ላይ ሳትገጠም እንኳ ራሷ በሕግ መትረየስ ናት። እስከ 10 ዓመት የፌዴራል እስር ታመጣለች። ከግንቦት 1986 ወዲህ የተሠራ መትረየስ ተራ ሰው እጅ አይገባም። ባምፕ ስቶክ ያከራክራል፣ ይሄ ግን አያከራክርም።

ጥያቄ፦ ግሪን ካርድ ነው ያለኝ። የተለየ ነገር አለ?

መልስ፦ አለ እህቴ። መሣሪያ መግዛት ትችያለሽ። ግን የመሣሪያ ወንጀል ራሱን ችሎ ከአገር ያስባርራል። ዜጋው በቅጣት የሚወጣበት ጉዳይ አንቺን መኖሪያሽን ሊያሳጣሽ ይችላል። እንደዚህ ያለ ክስ ከመጣ የወንጀልም የኢሚግሬሽንም ጠበቃ ሳታማክሪ ጥፋተኛ ነኝ አትበዪ።

ጥያቄ፦ ለዒላማ ተኩስ የኔ ምላጭ ከበደኝ። ቀለል ያለ መቀየር ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል። አንዴ ሲሳብ አንድ ብቻ እስከተኮሰ ድረስ የተሻለ ምላጭ ችግር የለውም። ሜሪላንድም እንዲህ ያለውን ከክልከላው አውጥታዋለች። ብቻ በባለሙያ አስገጥመው፤ ከልክ በላይ የቀለለ ምላጭ ሳታስበው ይባርቃል።

ጥያቄ፦ ጎንደር ላሉት አባቴ ምላጭ በሻንጣ ብልክላቸውስ?

መልስ፦ ኧረ በፍጹም! ከዚህ ለማውጣት የአሜሪካ የኤክስፖርት ሕግ አለ። እዚያም የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ (ይሄኛው ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው)። የመሣሪያ አካል ይዞ ቦሌ ላይ ከመከራከር ለአባትህ ጥሩ ጫማ ላክላቸው።