የላስቲክ ጓንት አርክን አያግድም፦ በዋናው ብሬከር መግቢያ ላይ ስለሚሞቅ ቦልት

ጥያቄው የመጣው ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ፋብሪካ በኤሌክትሪክ ጥገና ከሚሠሩ አንባቢ ነው። ፋብሪካው የራሱ 1250 ኪሎ ቮልት አምፒር ትራንስፎርመር አለው። ከትራንስፎርመሩ የሚመጣው ኬብል በዋናው ፓነል ውስጥ ከዋናው ብሬከር ጋር በሚታሰርበት ቦታ ላይ የመካከለኛው ፌዝ ሽፋን ጠቁሯል፤ የተቃጠለ ጎማም ይሸታል። የምርት ኃላፊው «ማሽን ማቆም አንችልም፤ ጓንት አድርገህ አጥብቀው» ብለዋቸዋል። አንባቢያችን የሚጠይቁት የላስቲክ ጓንቱ ይበቃ እንደሆነ፣ ካልበቃም ዋናውን ብሬከር አጥፍቶ ቦልቱን ማጥበቅ ይቻል እንደሆነ ነው።

ለሁለቱም መልሴ «አይሆንም» ነው፤ ብዙ ባለሙያ የሚሳሳተው ግን በሁለተኛው ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። ዋናው ብሬከር ሲጠፋ የሚሞተው ከብሬከሩ በኋላ ያለው መስመር ነው። የእርስዎ ቦልት ያለው በመግቢያው በኩል በመሆኑ፣ ትራንስፎርመሩ እስካልተቋረጠ ድረስ ብሬከሩ ጠፍቶም በፌዞቹ መካከል 400 ቮልት አለ። መፍቻው እዚያ ላይ ሁለት ፌዝ ቢያነካካ የሾርቱ ከረንት በዋናው ብሬከር ውስጥ ስለማያልፍ ብሬከሩ ሊያቋርጠው አይችልም። ሊያቋርጠው የሚችለው ወደ ትራንስፎርመሩ በሚገባው የ15 ሺህ ቮልት መስመር በኩል ምሰሶ ላይ ያለው ፊውዝ ብቻ ነው።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ በቁጥር እንየው። የትራንስፎርመርዎ ሙሉ ጭነት 1800 አምፒር ያህል ነው፤ በስም ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ኢምፒዳንስ (ትራንስፎርመሩ ከረንትን የሚገታበት መጠን) 6 በመቶ ከሆነ የሾርቱ ከረንት 30 ሺህ አምፒር ይደርሳል። ያው ከረንት በ15 ሺህ ቮልቱ በኩል 800 አምፒር ብቻ ሆኖ ይታያል፤ አርክ፣ ማለትም ኮረንቲ አየር ሰንጥቆ ሲያልፍ የሚፈጥረው እሳት፣ ደግሞ በአየር ውስጥ የሚያልፍ በመሆኑ ከረንቱ ከዚህም ያንሳል፤ ስለዚህ ፊውዙ ለመቅለጥ ሊዘገይ ይችላል። ሰውን የሚያቃጥለው ይህ መዘግየት ነው፤ በግማሽ ሰከንድ የሚቋረጥ አርክ በ0.05 ሰከንድ ከሚቋረጠው አሥር እጥፍ ሙቀት ይለቃል። የፀሐይ ገጽ 5500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሲሆን የአርክ እምብርት እስከ 19 ሺህ ዲግሪ ሊደርስ ይችላል።

ወደ ጓንቱ ስመለስ፣ የላስቲክ ጓንት የተሠራው ኮረንቲ እንዳይዝዎት እንጂ እሳት እንዳያገኝዎት አይደለም። ከዓመታት በፊት አብሮኝ ይሠራ የነበረ ወጣት እዚሁ ኮምቦልቻ ውስጥ ቁጥር 19 መፍቻ ከእጁ አምልጦ ሁለት ባስባር (በፓነሉ ውስጥ ኮረንቲ የሚያስተላልፍ ወፍራም የብረት ዘንግ) አነካካበት። ጓንቱን ስናወልቅለት መዳፉ ምንም አልሆነም ነበር፤ ፊቱና አንገቱ ግን ተቃጥለው፣ የናይለን ጃኬቱ ቀልጦ ክንዱ ላይ ተጣብቆ ነበር። በፒካፕ የሐረጎን ዳገት ይዘነው ስንወጣ ደሴ የምንደርስ አልመስልህ ብሎኝ ነበር። መፍቻው ዛሬም እኔ ዘንድ አለ። አንድ ጫፉ አይጥ እንደበላው ዳቦ ተሸርፏል፤ ላዩ ላይ የጤፍ ፍሬ የሚያህሉ የመዳብ ጠብታዎች ተጣብቀዋል።

ስለዚህ ቦልቱ የሚነካው ትራንስፎርመሩ ራሱ ተቋርጦ ፋብሪካው በሚዘጋበት ቀን፣ እሑድ፣ ነው። እስከ መዝጊያው ቀን ድረስ ለኃላፊዎ የሚያቀርቡት አማራጭ አለ። የመጋጠሚያ ሙቀት የሚጨምረው በከረንቱ ልክ ሳይሆን ከረንቱ በራሱ ሲባዛ በሚገኘው ልክ ስለሆነ፣ ጭነቱ ወደ 70 በመቶ ቢቀነስ እዚያ ቦልት ላይ የሚፈጠረው ሙቀት በግማሽ ይቀንሳል። ጥቂት ማሽኖችን እስከ እሑድ ማቆም የተቃጠለ ፓነል ከመቀየር እጅግ ይቀላል። የፓነሉ በር ተዘግቶ ይቆይ፤ ፊት ለፊቱም ሰው አይቁም። ሽታው ከጨመረ ወይም ጭስ ከታየ ግን እሑድን መጠበቅ የለም። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 መሠረት የሠራተኛውን ደኅንነት የመጠበቅ ግዴታ የአሠሪው ስለሆነ፣ ይህን ሁሉ በጽሑፍ ቢያቀርቡ መልካም ነው።

በመዝጊያው ቀን በመጀመሪያ ጭነቱ በሙሉ ይጥፋ፤ የምሰሶው ፊውዝ ጭነት ተሸክሞ እንዲከፈት አልተሠራምና። ፊውዙን የሚያወርደው ፈቃድና መሣሪያ ያለው ሰው ነው፤ ከኤሌክትሪክ አገልግሎቱ ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ። ጄኔሬተሩን አይርሱ፤ መብራት ጠፋ ብሎ በራሱ ተነሥቶ ከታች በኩል ፓነሉን ሕያው ሊያደርገው ስለሚችል ማስነሻው ይቆለፍ። ቁልፉ ከአንድ በላይ ካለው ሁሉም ቁልፎች ቦልቱን በሚፈታው ሰው ኪስ ይግቡ። ካፓሲተሮቹም (ኮረንቲ የሚያጠራቅሙት ዕቃዎች) ከጠፉ በኋላ ቮልቴጅ ይዘው ይቆያሉ፤ ቢያንስ አምስት ደቂቃ ይጠብቁና ይለኩ።

ቀጥሎ የሚመጣው መለካት ነው። ቴስተሩን መጀመሪያ ሕያው እንደሆነ በሚያውቁት ቦታ ይሞክሩት፣ ከዚያ ሦስቱን ፌዝ እርስ በርስም ከመሬትም ጋር ይለኩ፣ ከዚያ ቴስተሩን ሕያው በሆነው ቦታ ደግመው ይሞክሩት፤ በመሃል ተበላሽቶ ዜሮ አሳይቶዎት ሊሆን ይችላልና። መስመሩ መሞቱ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ሕያው ስለሚቆጠር፣ በምትለኩበት ጊዜ የአርክን ሙቀት እንዲቋቋም የተሠራ ልብስና የፊት መከላከያ ያስፈልጋል። ተራ የጥጥ ልብስ እንደ ናይለን ቀልጦ አይጣበቅም፤ ነገር ግን ይቀጣጠላል፤ ስለዚህ የዚያ ምትክ አይሆንም። ከለኩ በኋላ ሦስቱን ፌዝ አንድ ላይ አሥረው ከመሬት ጋር ያገናኙ።

ቦልቱን ደግሞ በማጥበቅ ብቻ አይለፉት። አንዴ የሞቀ መጋጠሚያ ገጹ ኦክሳይድ ስለሚይዝ ቢጠብቅም ተመልሶ ይሞቃል። ፈትተው ያጽዱት፣ የጠቆረውን የኬብል ጫፍ ቆርጠው አዲስ ተርሚናል (ኬብሉ በቦልት የሚታሰርበት የብረት ጫፍ) ያድርጉበት፣ ቦልቱንና የስፕሪንግ ዋሸሩን ይቀይሩ፣ አምራቹ በሚያዘው ልክ በቶርክ መፍቻ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ መፍቻ) ያጥብቁ። ኬብሉ አሉሚኒየም፣ ባስባሩ መዳብ ከሆነ የሁለቱን ብረት የሚያገናኝ ልዩ ተርሚናል ያስፈልጋል፤ እኔ ካየኋቸው የሞቁ መግቢያዎች ብዙዎቹ በዚህ ጉድለት የመጡ ናቸው።

ፓነሉን ከመዝጋትዎ በፊት፣ ሦስቱን ፌዝ ከመሬት ጋር ያገናኙበት ሽቦ መፈታቱንና ውስጥ የቀረ መሣሪያ አለመኖሩን ቆጥረው ያረጋግጡ። በሦስቱም ፌዞች መጋጠሚያ አጠገብ ሲሞቅ ቀለሙ የሚለወጥ ተለጣፊ ይለጥፉ፤ በሚቀጥለው መዝጊያ ቀን መስመሩ ከሞተ በኋላ ሲከፍቱት የትኛው ፌዝ ከሌሎቹ በልጦ እንደሞቀ ያሳይዎታል።